ወረቀቱን የቀዳደደች፣ ኮላውን የላሰች የ20 ወር ልጅ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን እስከመጨረሻው አነበብኩት፣ ላላዩት ባጭሩ ልድገመው፦ የ20 ወር ሴት ልጅ አለችህ፣ እናቷ ቅዳሜና እሁድ ስራ ስለምትገባ ሁለቱን ቀን ካንተ ጋር ነው የምትውለው፣ ወቅት በተቀየረ ቁጥር ፎቶው የሚያምር የእጅ ስራ ታያለህ፣ ወረቀቱን ቆራርጠህ ኮላውን ገዝተህ ታዘጋጃለህ፣ እሷ ወረቀቱን ቀዳዳ ኮላውን ልሳ ሶስት ደቂቃ ሳይሞላ ጥላህ ትሄዳለች፣ የወረቀቱን ዛፍ ለጣጥፈህ የምትጨርሰው አንተው ነህ። አራት ነገር ጠየቅክ፤ ትኩረቷ ላይ ችግር አለ ወይ፣ ብዙ ወጪ ሳላወጣ በየወቅቱ ምን ላሰራት፣ ከከረሜላ ሌላ ምን ጣፋጭ ነገር አብረን እንስራ፣ የተሰራውንስ እናስቀምጠው ወይስ እንጣለው።

የመጀመሪያውን ቶሎ ልመልሰው። ካልከው ነገር ተነስቼ ትኩረቷ ላይ ምንም ችግር አይታየኝም። ስራዬ ከሶስት አመት በታች ያሉ ልጆችን የሚይዙ ሞግዚቶችንና አስተማሪዎችን ማሰልጠን ነው፣ በዚህ እድሜ አንድ ነገር ላይ ሁለት ሶስት ደቂቃ ቆይቶ መሄድ የተለመደ ነው፣ የወደዱት ነገር ከሆነ ግን (ውሃ በለው) እራት እስኪደርስ አይነሱም። ስለዚ ሶስት ደቂቃው የሚነግርህ ስለሰጠሃት ስራ ነው። እስቲ ስራውን እንየው፦ የተቆረጠች ትንሽ ወረቀት በሁለት ጣት ታነሳለህ፣ ኮላ ትቀባለህ፣ ትገለብጣለህ፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ ታሳርፋለህ። አራት እርምጃ ነው፣ ያውም በቅደም ተከተል። የአሜሪካው የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ እ.ኤ.አ. በ2022 ያሻሻለው የእድገት መመልከቻ ላይ አብዛኛው ልጅ በ18 ወር ይችላል የተባለው መሞነጫጨር ነው፣ በ2 አመት ባንድ እጁ እቃ ይዞ በሌላው ክዳኑን ማንሳት፣ ክብ መሳልና (ያውም አንተ አሳይተኸው) ትላልቅ ዶቃ ክር ላይ መሰካት 3 አመት ላይ ነው፣ ክሬየን በጭብጥ መጨበጥ ትቶ በጣቶቹ መያዝ ደሞ 4 አመት ላይ። ፎቶ ላይ የምታየው ስራ አብዛኛው የአራትና የአምስት አመት ልጅ ስራ ነው፣ ወይ ደሞ እንዳንተ አባት ሰርቶት «የልጄ ስራ» ተብሎ የተለጠፈ ነው፣ እሱን እኔና አንተ እናውቀዋለን።

ኮላውን መላሷም አያስደንግጥህ፣ በዚህ እድሜ አፍ እንደ እጅ መመርመሪያ ነው፣ ወደ ሁለት አመት አካባቢ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለት አመት ካለፋት በኋላም አፈር ወይ ወረቀት ወይ ግድግዳ እየፈቀፈቀች ሳምንታት ሙሉ የምትበላ ከሆነ ግን እሱ ሌላ ነገር ነው፣ ሐኪም ያያት፣ የአይረን እጥረት አለ የለም የሚለውንም ያስመርምሩላት። አሁን ላይ ግን ከአፏ ጋር ከመታገል አፏ ቢገባም የማይጎዳትን እቃ መምረጥ ይቀላል።

እኔ ለሰልጣኞቼም የምላቸው አንድ ነገር አለ፣ ስራውን ከፎቶው አትጀምሩ ከእጁ ጀምሩ። የ20 ወር ልጅ እጅ የሚወዳቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ መቅደድ፣ ማፍሰስ፣ መጨፍለቅ፣ መለጠፍና መላጥ፣ መምታት፣ እቃ ውስጥ መክተትና መልሶ መድፋት፣ ተሸክሞ መዞር። ከነዚህ አንዱን ብቻ ምረጥ፣ ወቅቱ ከሚያመጣው ነገር አንዱን ስጣት፣ በቃ ስራው ያ ነው። ቅጠል ከረገፈ ቅጠል መጨፍለቅ፣ ዝናብ ከሆነ ማፍሰስ። ልጅህ ወረቀቱን ስትቀድ ስራውን እያበላሸች ሳይሆን ስራዋን እየሰራች ነበር፣ መቅደድ ለሁለቱም እጅ ተቃራኒ አቅጣጫ መስጠት ስለሚፈልግ ቀላል አይደለም፣ ነገ ለመቀስ የሚያዘጋጀውም እሱ ነው። መቀሱን እስከ ሁለት ተኩልና ሶስት አመት አታስበው።

ወደ ወቅቶቹ ልግባ፣ ዝናብ፣ ሙቀት፣ ቅጠልና ነፋስ፣ ብርድ እያልኩ ነው የማወራው፣ አንተ ጋ የሌለውን ዝለለው።

ከዝናብ ልጀምር ምክንያቱም ሰው ሁሉ ልጅ የሚያስርበት ወቅት እሱ ነው። ካፊያ ሲሆን ወፈር ያለ ወረቀት ላይ በውሃ የሚለቅ ማርከር እንደፈለገች ትሞነጫጭር፣ ከዛ ወረቀቱን ደጅ አውጥታችሁ ዝናቡ ስር አስቀምጡት፣ ጠብታው ባረፈበት ቦታ ሁሉ ቀለሙ ሲሰፋና ሲቀላቀል ቆማችሁ ታያላችሁ፣ ዝናቡ ጠንከር ካለ ግን ሁሉንም ያጥበዋልና አንድ ደቂቃ ይበቃል። ሌላው እኔ በጣም የምወደው የድምፅ ጨዋታ ነው፦ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ስር የብረት ድስት፣ የፕላስቲክ ባልዲ፣ የተገለበጠ ቆርቆሮ፣ አጣጥፈህ ያስቀመጥከው ፎጣ ደርድር፣ እያንዳንዱ ሌላ ድምፅ ነው የሚያወጣው፣ ፎጣው ደሞ ዝም ይላል፣ እሷ ቦታቸውን ትቀያይር፣ አንተ «ይሄ ጮኸ፣ ይሄ ዝም አለ» በል፣ ቋንቋ የሚገባው በእንደዚ አይነት ሰአት ነው። ቦቲ ጫማ ካላት የተጠራቀመ ውሃ ላይ መዝለሉ ምንም ዝግጅት የማይፈልግ ትልቁ ጨዋታ ነው፣ የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 4 አመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል፣ ዝናብ ስለሆነ አይቀነስም። ውሃው ግን የቆመ ይሁን፣ የሚፈስ ቦይ ወይ ጥልቀቱ የማይታይ ጉድጓድ አጠገብ አትዝለሉ፣ ነጎድጓድ ከሰማህ ወዲያው ግቡ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ስትጨርሱ ባልዲውንና ድስቱን ገልብጣቸው። ይሄን በኋላም እመለስበታለሁ።

ጭቃ ከጠላህ ትቸገራለህ፣ ግን ቢያንስ አንድ ቀን ፍቀድላት፣ አሮጌ ማንኪያና አሮጌ ድስት፣ ቅጠል ጣል ጣል ያደረግክበት ጭቃ፣ «ወጥ» ትሰራለች። ድመትና ውሻ የማይፀዳዱበት ቦታ ምረጥ፣ ከጨረሰች በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠብ።

ሙቀቱ ሲመጣ ርካሹ ቀለም ውሃ ነው። ቀልዴን አይደለም። ሰፊ የግድግዳ ብሩሽና ውሃ የያዘ ትንሽ ባልዲ ስጣት፣ ግድግዳውን አጥሩን በሩን «ትቀባለች»፣ የደረቀ ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው ጠቆር ስለሚል እውነት የተቀባ ይመስላታል፣ ከዛ ፀሀዩ ያደርቀዋል፣ ቀለሙ ይጠፋል፣ «የት ሄደ?» ትላለህ፣ እንደገና ትቀባለች። የሚፀዳ ነገር የለም፣ የሚለቀም ነገር የለም፣ ልብስ አይበላሽም፣ እኔ ለደከመው ወላጅ ሁሉ መጀመሪያ የማዘው ይሄን ነው። ሌላው በረዶ ነው፦ ማታ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውሃ ሙላ፣ የአበባ ቅጠል፣ ትላልቅ ቅጠሎች፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንድ ሁለት ትልቅ የፕላስቲክ እንስሳ አስገባና ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው። ጠዋት ከወጣ በኋላ አምስት አስር ደቂቃ ይቆይ፣ ከፍሪዘር እንደወጣ ከላሰችው ምላሷ ሊጣበቅ ይችላል። ከዛ ሳፋ ላይ አድርገህ ለብ ያለ ውሃ በጆግና ማንኪያ ስጣት፣ እያፈሰሰች እንስሳውን ታወጣለች። ትንሽ ጨው ብትበትኑበት ጨው የነካው ቦታ ቶሎ ይቀልጥና በረዶው ውስጥ ቦይ ይሰራል፣ ያምራል፣ እጇ ላይ ጭረት ካለ ግን ያቃጥላታል እንዳትነካው። በረዶው ሁሌ አንድ ትልቅ ሆኖ ይሁን፣ ለመጠጥ የምትጨምረው ትንንሹ በረዶ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። ስትጫወቱ ጥላ ስር ሁኑ፣ ከጠዋቱ 4 ሰአት እስከ ከሰአት 10 ሰአት ያለው ፀሀይ ለህፃን ቆዳ ከባድ ነው።

አሁን ውሃ ላይ ላቁምህ። የዚህ እድሜ ልጅ ጭንቅላቷ ከሰውነቷ አንፃር ከባድ ስለሆነ ባልዲ ውስጥ ለማየት ስታጎነብስ ተደፍታ መመለስ ያቅታታል፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ውስጥም ልጅ ይሰጥማል፣ ሲሰጥም ደሞ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ውሃ ባለበት ጨዋታ እጅህ እሷን በሚደርስበት ርቀት ነህ፣ ስልክ ከጠራ ወይ አታነሳውም ወይ ልጅቷን ይዘህ ነው የምትሄደው፣ ስትጨርሱ ወዲያው ይደፋል። በዚህ ድርድር የለኝም።

ቅጠል የሚረግፍበትና አበባ የሚፈነዳበት ጊዜ ለኔ የአመቱ ሀብታም ወቅት ነው፣ ሁሉም እቃ መሬት ላይ ወድቆ ይጠብቃችኋል። መልቀሙ ራሱ የስራው ግማሽ ነው፣ እጀታ ያለው ቅርጫት ወይ ካርቶን ስጣትና ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ልጅ በዚህ እድሜ ተሸክሞ መዞር ይወዳል፣ መቶ ሜትር ለመሄድ ግማሽ ሰአት ይፈጃል፣ ይፍጅ። ከዛ ቤት ስትገቡ የሚያጣብቅ ግድግዳ ትሰራለህ፦ ለደብተር መሸፈኛ የሚሆነውን በአንድ ጎኑ የሚለጠፍ ፕላስቲክ ውሰድ፣ የሚያጣብቀውን ጎን ወደናንተ አድርገህ አራቱን ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር ግድግዳ ላይ ወይ መስኮት ላይ በሷ ቁመት ልክ ለጥፈው፣ ቅጠሉን የአበባውን ክፍል የተቀደደ ወረቀቱን የጨርቅ ቁራጩን ትለጥፍበታለች ታነሳዋለች እንደገና ትለጥፋለች። ኮላ የለም፣ የሚላስ የለም፣ አንተ የምታርመው ትክክለኛ ቦታም የለም። ካየኋቸው ስራዎች ሁሉ ለዚህ እድሜ ከዚህ የሚበልጥ አላገኘሁም፣ ቀናት ተለጥፎ ስለሚቆይ ደሞ ባለፈች ቁጥር አንድ ቅጠል ጨምራ ትሄዳለች፣ ያ ሶስት ደቂቃዋ እየተጠራቀመ ትልቅ ስራ ይሆናል ማለት ነው። ሲበቃችሁ ሌላ የዛኑ ፕላስቲክ ከላይ ከደንክበት ቅጠሉ መሀል ታሽጎ ይቀራል።

መምታት ለምትወድ ልጅ የአበባ ማተሚያ አለ፦ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ዘርጋ፣ ግማሹ ላይ ትኩስ የአበባ ቅጠልና ለስላሳ አረንጓዴ ቅጠል ደርድር፣ ሌላውን ግማሽ እጠፍበት፣ በእንጨት ማንኪያ ወይ ለእጇ በሚሆን ለስላሳ ድንጋይ ትምታው። ጭማቂው ወደ ጨርቁ ይገባና ቅርፁ ታትሞ ይወጣል፣ የደረቀ ቅጠል ግን አይሰራም፣ ርጥበት ያስፈልገዋል። ጣትህን ራቅ አድርግ። በክሬየን የቅጠል ቅርፅ ማውጣትም ይቻላል፣ ቅጠሉን ጅማቱ የጎላበትን ጀርባውን ወደላይ አድርገህ ወረቀቱን ከላይ በፕላስተር አራት ቦታ ያዝ፣ ክሬየኑን ከልጣጩ አውጥተህ በጎኑ አስተኝተህ ስጣት፣ ሞነጫጭራው ስትሄድ የቅጠሉ ጅማት ይወጣል። ባይወጣም ችግር የለም፣ እሷ ሞነጫጭራለች።

እዚህ ጋ ጥንቃቄ አለ፣ የምታውቀውን ዛፍና አበባ ብቻ ልቀሙ። ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደር ሁሉ ነገሩ መርዝ ነው፣ ጉሎ ደሞ ፍሬው አደገኛ ነው፣ ያምራል፣ ዥንጉርጉር ነው፣ ልጅ የሚያነሳው እሱን ነው። ስሙን ካላወቅከው ተወው፣ እንጉዳይ የሚመስል ሁሉ ይቅር። ዘርና ጠጠርን ለመለካት የሽንት ቤት ወረቀት መሀል ያለችውን የካርቶን ቱቦ ተጠቀም፣ በሷ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ለልጅህ ትንሽ ነው። የአሻንጉሊት ደረጃ አውጪዎች የሚለኩበት ሲሊንደር ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ የካርቶኑ ቱቦ ትንሽ ስለሚሰፋ ለጥንቃቄ ይሻላል።

ነፋስ ሲበዛ ስራው አጭር ነው፣ ወፍራም የእንጨት ማንኪያ ጫፍ ላይ የጨርቅ ቁራጮች እሰርና ይዛ ትሩጥ። ቁራጮቹ ከ20 ሴንቲ ሜትር አይብለጡ፣ አንገት የሚዞር ነገር አንፈልግም። ፊኛን ደሞ እባክህ ተወው፣ ሲፈነዳ የሚቀረው ላስቲክ ጉሮሮ ላይ እንደ ክዳን ይዘጋል፣ ህፃናትን ከሚያንቁ እቃዎች ክፉው እሱ ነው።

ብርድ ሲሆንና ቤት ስትውሉ ሊጥ ይሻላል። አፏ ማስገባቷን እስክትተው ድረስ ባለ ጨው ፕሌይዶ (የመጫወቻ ሊጥ) አልሰጣትም፣ እኔ የምመክረው እርጎና የበቆሎ ስታርች ነው፦ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እርጎ አድርግ፣ ስታርቹን እየጨመርክ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪያቆም እሽው፣ በቃ ሊጥ ሆነ፣ ብትቀምሰው አይጎዳትም፣ የዛኑ ቀን ተጫውታችሁ ትጥሉታላችሁ። ከፍ ስትል የተለመደውን ትሰራለህ፣ 2 ስኒ ዱቄት፣ 1 ስኒ ጨው፣ 2 ስኒ ውሃ፣ 2 ማንኪያ ዘይት፣ 2 ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ድስት ውስጥ መካከለኛ እሳት ላይ ከድስቱ እስኪላቀቅ ታማስላለህ፣ ሲበርድ ታሸዋለህ፣ ክዳን ባለው እቃ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ጨው የበዛበት ስለሆነ ብዙ ከበላችው ለልጅም ለቤት ውሻም አደገኛ ነው። ጥሬ ዱቄትም ምንም አያደርግም እንዳትል፣ ያልበሰለ ዱቄት ላይ ኢኮላይና ሳልሞኔላ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ፣ ማብሰሉ የሚጠቅመው ለዛም ጭምር ነው። በሊጡ ምን ትሰራለች ብለህ አትጨነቅ፣ ትጨፈልቃለች፣ በጣቷ ትወጋለች፣ ማንኪያ ትሰካበታለች። «እስቲ ድመት እንስራ» ብለህ ቆንጆ ድመት ሰርተህ ካስቀመጥክላት አበቃ፣ እሷ እንዳንተ መስራት ስለማትችል «አንተ ስራልኝ» ብቻ ይሆናል። ጎኗ ተቀምጠህ አንተም ጨፍልቅ።

ሁለት ለአንድ አድርገህ (2 ስኒ የበቆሎ ስታርች 1 ስኒ ውሃ) ከቀላቀልክ ደሞ ሲጨብጡት ድርቅ የሚል ሲለቁት የሚፈስ ነገር ይወጣል፣ ልጆች አፍጠው ያዩታል፣ አዋቂም ያፈጣል። ጨርሳችሁ ቧንቧ ውስጥ እንዳትደፋው ይዘጋዋል፣ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ለጣት ቀለም እርጎን በቀይ ስር ውሃ፣ በእርድ፣ በተፈጨ ስፒናች ማቅለም ይቻላል፣ የወንበር ትሪ ላይ በቀጥታ ትቀባ፣ እርድ ልብስ ላይ አይለቅምና አሮጌ ልብስ አልብሳት፣ ቀይ ስሩን ደሞ ብዙ ከበላችው በማግስቱ ዳይፐሯ ውስጥ የምታየው ቀይ ቀለም ደም እንዳይመስልህ፣ ደውለው የሚያስነሱኝ ወላጆች አሉ።

ቤት ውስጥ ስትሆኑ መሬቱ ላይ በፕላስተር ረጅም መስመር ለጥፍ፣ ትሄድበታለች፣ መኪናዋን ትነዳበታለች፣ በመጨረሻ ደሞ ትልጠዋለች፣ መላጡ ነው ከሁሉም የሚጣፍጣት። ማታ ማታ አንሶላ ስር ገብታችሁ በባትሪ መብራት ግድግዳ ላይ ጥላ ማየትም አለ፣ የባትሪው ክዳን በቡሎን የሚዘጋ ይሁን። ትንንሾቹ ክብ የሰአት ባትሪዎች ቢዋጡ ሁለት ሰአት ባልሞላ ጊዜ ጉሮሮ ያቃጥላሉ፣ ዋጠች ብለህ ከጠረጠርክ ወዲያው ሆስፒታል ነው፣ ጠዋት ድረስ እንይ የሚባል ነገር የለም። ውሃ ሲነካቸው የሚያብጡትን ባለቀለም የጄል ኳሶችም ለህፃን ጨዋታ ብለው የሚሸጡ አሉ፣ አትግዛ፣ ተውጠው ሆድ ውስጥ አብጠው አንጀት ይዘጋሉ። ብልጭልጭ የሚበተነውንም አልወደውም፣ አይን ውስጥ ይገባል፣ ከምንጣፍም አይወጣም።

ሁለት ልጆች ቤት ከመጡ (የእህትህ ልጅ ይመጣል ብለሃል) አብረው እንዲሰሩ አትጠብቅ። ሚልድረድ ፓርተን የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1932 የልጆችን ጨዋታ ስትመድብ ጎን ለጎን እየተጫወቱ እያንዳንዱ የራሱን የሚሰራበትን ለብቻው አስቀምጣዋለች፣ የሁለት አመት ልጆች የሚበዛው ጨዋታቸው እሱ ነው። ስለዚ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ይሁን፣ ሁለት ማንኪያ ሁለት ሳፋ፣ ያውም ቀለሙ አንድ አይነት። ማካፈልን የምታስተምርበት ጊዜ ይመጣል፣ ዛሬ አይደለም።

ወደ ጣፋጩ። ልጅህ ሁለት አመት አልሞላትም፣ የአሜሪካ የህፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከሁለት አመት በታች የተጨመረ ስኳር ጭራሽ ባይሰጥ ይላል፣ ጭማቂም ቢሆን ከ1 እስከ 3 አመት በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር አይብለጥ ነው የሚለው። ፍሬው ራሱ ጣፋጭ ነው፣ በወቅቱ የበሰለ ፍሬ ደሞ ሌላ ነገር አይፈልግም። እዚህም ከእጇ ጀምር፦ ፍሬውን ውሃ ውስጥ ታጥባለች፣ የበሰለ ሙዝ በሹካ ትጨፈልቃለች፣ የለስላሳ ቅጠል ጫፍ ትቀነጥባለች፣ ታማስላለች። ሁለት በደንብ የበሰለ ሙዝ ጨፍልቃ አንድ ስኒ አጃ (ኦትስ) ብትቀላቅልበት፣ አንተ በማንኪያ እያደረግክ 180 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ 15 ደቂቃ ብታቆየው ለስላሳ ብስኩት ይሆናል፣ ስኳር የለው እንቁላል የለው። ኦቨን ከሌለህ መጥበሻ ላይ ቀጠን አድርገህ በትንሽ እሳት ሁለቱንም ጎን አብስለው።

ለሙቀት የተቆራረጠ ሙዝ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረህ ጠዋት ብሌንደር ውስጥ ብትፈጨው አይስክሬም ነው፣ እውነት፣ ምንም ሳትጨምር። ማንጎ ከእርጎ ጋር ፈጭተህ ወፍራም መያዣ ባለው የአይስክሬም ቅርፅ ማውጫ ብታቀዘቅዘውም ጥሩ ነው፣ ጥርስ እያወጣች ከሆነ ደሞ ድዷን ያስታግስላታል፣ ቁጭ ብላ ትብላ እንጂ እየሮጠች አይሆንም። ለብርድ ፖም ላጥና ቆራርጠህ ትንሽ ቀረፋ ነስንስበት፣ እስኪለሰልስ በእንፋሎት አብስለው፣ ለብ ሲል ይሰጣል። በረዶ የመሰለ ፎቶ ያላቸው ጣፋጮች፣ እንስሳ የመሰሉ ሳህኖች ምናምን አንተን ያደክማሉ እንጂ እሷ አታያቸውም። አዲስ ፍሬ እምቢ ካለችህ ሳታስገድድ ሌላ ቀን አቅርበው፣ አንድን ምግብ ልጅ እስኪቀበለው ከ8 እስከ 15 ጊዜ ማየት ሊያስፈልገው ይችላል፣ በሁለተኛው ቀን «አትወደውም» ብሎ መዝገብ መዝጋት የብዙ ቤት ችግር ነው። «ይሄን ከበላሽ ብስኩት እሰጥሻለሁ» አትበላት፣ ያኔ ፍሬው ቅጣት ብስኩቱ ሽልማት ሆነ።

ትንታን በተመለከተ፦ ወይን በቁመቱ አራት ቦታ ይቆረጣል፣ ለሁለት አይበቃም፣ በወርዱም አይቆረጥም። ጥሬ ካሮትና ጥሬ ፖም ወይ ይፈቀፈቃል ወይ ይበስላል። ለውዝና ኦቾሎኒ ሙሉውን፣ ፈንዲሻ፣ ጠንካራ ከረሜላ እስከ አራት አመት ይቆዩ። የእህትህ ልጅ አንድ አመት ካልሞላው ማር ያለበት ነገር እንዳትሰጠው፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ ለህፃን ቦቱሊዝም (ሰውነትን የሚያዝል ከባድ መመረዝ) የሚያጋልጥ የባክቴሪያ ዘር ሊኖረው ይችላል፣ ከአንድ አመት በኋላ ያ ስጋት ያልፋል፣ ማር ግን ያው ስኳር ነው።

ሰአቱን የረሳሁት መሰለኝ። ከእንቅልፍ ተነስታ ከበላች በኋላ ያለው ሰአት ምርጡ ነው፣ ከመተኛቷ በፊት አዲስ ነገር አታውጣ። እቃውን ሁሉ እሷ ሳትመጣ አዘጋጅ፣ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንተ ፕላስተር ስትፈልግ ያ ሶስት ደቂቃ ያልቃል። የሚጠረግበት እርጥብ ጨርቅ አጠገብህ ይሁን፣ አንዱን ለሷ ስጣት፣ መጥረግ ለሷ ሌላ ጨዋታ ነው። ስትነሳ «ነይ ጨርሺ» አትበላት፣ እቃው እዛው ይቆይ፣ ከሰአት ልትመለስ ትችላለች። በቀን አንድ ስራ በቂ ነው፣ አንዳንዱን ሳምንት ያንኑ ደጋግሙት፣ አንተን ይሰለችህ ይሆናል እሷን አይሰለቻትም፣ ልጆች አንድ ነገር ደጋግመው ካልሰሩት አይጠግቡትም።

የመጨረሻ ጥያቄህ የተሰራውን ነገር እናስቀምጠው ወይስ እንጣለው የሚል ነበር። አብዛኛውን ጣለው፣ ሲጣል አታሳያት እንጂ አታዝንም። እርጎ የነካው ሁሉ የዛኑ ቀን ይወገድ፣ ፕሌይዶ ሽታው ከተቀየረ ይጣል፣ ቅጠል የታሸገበት ፕላስቲክ ውስጡ ሻጋታ ካየህበት (ርጥብ ቅጠል ከታሸገ ይሻግታል) ይጣል። የምታስቀምጠውን ጀርባው ላይ ቀኑንና እድሜዋን ፃፍበት፣ አበባ ያተመችበት ጨርቅ ደሞ ፀሀይ ከማይነካው ቦታ ይቀመጥ፣ የአበባ ቀለም ብርሀን ላይ ቶሎ ይለቃል።